ካቻቪቴ ባነሳ ልጅ ላይ አትሳቁ

በወጣቶች ኅብረቶቻችን መካከል አንድ ቀልድ ይዘዋወራል። አሮጌ መጫወቻ ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ የበተነ ልጅ ሲታይ፣ «ይሄ ደግሞ ልጅነቱ አልወጣለትም» ይባላል። ታላላቆቻችን ቀልዱን ወደ ተግሣጽ ያሳድጉታል፤ «ጌም ጌም ነው፤ ብትጫወቱትም ብትፈቱትም ያው ጊዜ መግደል ነው» ይላሉ። ይህ ጽሑፍ ለቀልደኛውም ለተግሣጸኛውም መልስ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ፤ መጫወቻውን የሚፈታ ልጅ ከሚጫወተው ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም። ከተማችን ሀዋሳ የጎደላት የእርሱ ዓይነት እጅ ነው።

በምሳሌ እንነጋገር። የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ጌም ቦይ» የተባለውን የእጅ መጫወቻ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1989 ነበር። ሥራውን የመራው ጉንፔ ዮኮይ ይባላል። ዮኮይ በ1965 ኩባንያው ውስጥ ሲቀጠር የመሪነት ወንበር አልተሰጠውም፤ ሥራው የመጫወቻ ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገን ነበር። በትርፍ ጊዜው ለራሱ መዝናኛ የሠራትን፣ የምትዘረጋና የምትሰበሰብ እጅ የመሰለች መጫወቻ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አዩና ለገበያ እንድትቀርብ አዘዙ። እንግዲህ ያ ሁሉ ታሪክ የተጀመረው በአንድ ጥገና ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ «ይሄ ደግሞ ልጅነቱ አልወጣለትም» ብሎ ያባረረው አለቃ ቢኖር ኖሮ ምን ይቀር እንደነበር እናንተው አስቡት።

ዮኮይ የሚታወቅበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ተለምዶ የረከሰውን ቴክኖሎጂ ሰው ባላሰበው መንገድ መጠቀም። ጌም ቦይ ባለ ቀለም ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ምስሉም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ በአራት ደረጃ የሚደምቅና የሚፈዝ ነበር። ተፎካካሪዎቹ፣ የአታሪው ሊንክስና የሴጋው ጌም ጊር፣ ባለ ቀለምና ባለ መብራት ሆነው መጡ፤ ነገር ግን ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይቆያል። ገበያው የማን ሆነ? ጌም ቦይ ከተከታዩ ከጌም ቦይ ከለር ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ትልቅ እንከን ግን ነበረበት፤ የራሱ መብራት ስላልነበረው ጨለማ ውስጥ አይታይም። ኩባንያው ማምረቱን ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን እንከን የያዙት በየአገሩ ያሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው አማተሮች ናቸው። ከስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈውን አንጸባራቂ ንጣፍ በጥንቃቄ ልጠው ያነሱና በቦታው ቀጭን የመብራት ሰሌዳ ያስገባሉ። መብራቱ ሲገባ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ብርሃን የሚያጣራውን ፊልም 90 ዲግሪ ያዞሩታል። ያኔ ደግሞ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ይህን ለማቅናት የምስሉ ምልክት ወደ ስክሪኑ በሚሄድበት መስመር ላይ ምልክቱን የምትገለብጥ አንዲት ርካሽ ቺፕ ይበይዳሉ። ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ምስል ቀንቶ፣ ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበ ሰው ፊዚክሱን ለፈተና ሸምድዶ የረሳ ሰው አይደለም።

በካሴቶቹም ላይ ሠርተዋል። ጨዋታው የደረሰበትን የሚመዘግበው የብዙ ካሴት ቺፕ ሳንቲም በምታህል ባትሪ የሚኖር ነው፤ ባትሪዋ ስትሞት መዝገቡም ይጠፋል። አማተሮቹ ያለ ባትሪ ማስታወስ በሚችል ቺፕ ይተኩታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስም መብራት አልነበረውም። በ2002 አማተሮች «አፍተርበርነር» የተባለ የመብራት ዕቃ አዘጋጅተው በየቤቱ እየተፈታ እንዲገባ አደረጉ። ኩባንያው መብራት ያለውን «ኤስፒ» ያወጣው በ2003 ነው። የተማረው መሐንዲስ ቢሮ ከደረሰበት መፍትሔ ላይ ጠረጴዛቸው ጥግ የተቀመጡ ወጣቶች ቀድመው ደርሰዋል።

ይሁን እንጂ እኔን የሚያስቀናኝ መብራቱ አይደለም፤ ፈተናው ነው። አዲስ ደማቅ ስክሪን ከአሮጌው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው የኃይል ሰሌዳ ይህን ጭነት ላይችለው ይችላል፤ ድምፅ ማጉያው ውስጥ እዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል፤ ባትሪው ሲደክም መጫወቻው ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ስለዚህ ጥሩ አማተር «በራ» ብሎ አያጨበጭብም። ቴስተሩን አንሥቶ በእያንዳንዱ የብርሃን ደረጃ ስንት ሚሊአምፒር እንደሚሳብ ይለካል። ሙሉ ባትሪ አስገብቶ እስኪያልቅ ሰዓቱን ይይዛል። ድምፁን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያዳምጣል። በአንድ ካሴት ብቻ ሳይወሰን በብዙ ካሴት ይሞክራል። በመጨረሻም የሠራውንም ያልሠራውንም ለሌሎች ይናገራል፤ «በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ላይ አልሠራም፤ ገንዘባችሁን አታውጡ» ይላል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ያልሠራውን የሚናገር ሰው በመካከላችን ስንት ነው? እኛ ዘንድ ዕቃ ተጠግኖ ሲመለስ «ሠርቷል» ይባላል፤ ስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ጭነት፣ ማን ሞክሮት እንደሆነ አይጠየቅም። በሳምንቱ ሲበላሽ «ዕቃው አሮጌ ነው» ይባላል። እውነትን በቁጥር መናገር ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በትንሽ ነገር ላይ ካልተለመደ በትልቅ ነገር ላይ በድንገት አይመጣም። በአንድ አሮጌ መጫወቻ ላይ «ለካሁት፤ ይህን ያህል ነው» ማለትን የተማረ ወጣት፣ ነገ በሆስፒታል መሣሪያ ላይ ወይም በውኃ ፓምፕ ላይ ያንኑ ይላል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ።

የመጀመሪያው «ጊዜ ማባከን ነው» የሚለው ነው። የሚባክን ጊዜ እንዳለ እኔም አልክድም። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች በጨዋታ እየከፈሉ ቀኑን የሚጨርሱ ልጆች አሉ። ነገር ግን ከዚያ ቤት የሚወጣው ልጅ ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው? ውጤት ብቻ። መጫወቻውን የፈታው ልጅ ግን ኤሌክትሪክ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ብየዳ ሲቃጠል ምን እንደሚሸት፣ ትዕግሥት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አውቆ ይነሣል። ሁለቱን በአንድ ቃል «ጌም» ብሎ መጥራት፣ መኪና የሚነዳውንና ሞተር የሚጠግነውን ሁለቱንም «ሾፌር» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ዕቃው የት አለን?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ በዚሁ በአገራችን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በታሸገ ካርቶን ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአሜሪካ በተደረገ ጉባኤ ላይ እንደተናገሩት፣ የታብሌቶቹ ካሜራ እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ግን በአምስት ወር ጊዜ ውስጥ መክፈቻውን አግኝተው ካሜራውን አሠሩት። ይህን የነገሩን የፕሮጀክቱ ባለቤት ራሳቸው ናቸውና፣ ከፈለጋችሁ ጥቂት ቀንሳችሁ ስሙት። ከተቀነሰም በኋላ የሚቀረው ነገር ይበቃል፤ የተዘጋን ነገር የመክፈት ፍላጎት ፓስፖርት አይጠይቅም። ዕቃውንስ? በየሰፈራችን ያሉ የሞባይልና የቴፕ ጠጋኞች ሱቅ ጥግ የተከመረውን ተመልከቱ። እኛ ጥራጊ የምንለውን ሌላ ቦታ አማተሮች በፖስታ ገዝተው ያስመጣሉ። ጌም ቦይ ባታገኙ፣ ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተኛ ጡብ የሚደረድር ትንሽ የእጅ ጌም አለ፤ የሞተ ራዲዮ አለ፤ የማይበራ የእጅ ባትሪ አለ።

ሦስተኛው «ለምን በአሮጌ ዕቃ ላይ? አዲሱን ተማሩ» ይላል። አሮጌው የሚመረጠው ስለሚገባን ነው። የዛሬ ስልክ ክፍሎቹ በዓይን የማይለዩ፣ በሙጫ የታሸጉ ናቸው። ጌም ቦይ በብሎን ይከፈታል፤ አንጎሉ በሴኮንድ 4 ሚሊዮን ያህል ምት የሚመታ፣ 8 ኪሎባይት የሥራ ማኅደር ያለው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው ከባትሪው እስከ ስክሪኑ ሙሉውን በአእምሮው ሊይዘው ይችላል። ሙሉውን አውቆ የሚያስተካክል ሰው ወደ ትልቁ ሲሻገር አይደነግጥም። ፊደል ሳይቆጥር መጽሐፍ ያነበበ ማን ነው?

ለፈታቾቹም ደግሞ የምለው አለኝ፤ ተከራካሪያችሁ ስለሆንኩ አላባብላችሁም። ቅርፊቱን በሚያብረቀርቅ ቀለም ቀይሮ ውስጡን ሳይነካ «አሻሻልኩ» ማለት ልብስ መቀየር ነው። የሰውን ዕቃ ሳያስፈቅዱ መፍታት ሥርቆት ባይሆን እንኳ ጎረቤቱ ነው። የሚሠራውን ከፍቶ ሳይዘጉ መተው ደግሞ የቀልደኞቹን አፍ ይከፍታል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪን አትንኩ፤ አትውጉ፤ ያልታወቀ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አትተኙ። በግድግዳ መብራት የሚሠራ ዕቃም ሳይነቀል አይከፈትም። ድፍረት ያለ ጥንቃቄ ለከተማችን የሚጨምርላት እሳት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየአጥቢያችን ዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ቁልፉ የማይጮኽ ኪቦርድ፣ አንድ የሚያንኳኳ አምፕሊፋየር፣ አንድ ገመዱ የተበጠሰ ማይክ አለ። እንደ ተቀበረ መክሊት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ አዲስ ለመግዛትም መዋጮ ይጠየቃል። ኃላፊውን አስፈቅዱ። ሦስት አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፤ እህቶችም ቡና አቅራቢ ሆነው ሳይሆን ቴስተር ያዥ ሆነው ይቀመጡ። በሰፈራችሁ ያለ ጠጋኝ ጋሼ ካለ ጠርታችሁ «አንድ ቅዳሜ ያስተምሩን» በሉ። አንድ ደብተር ክፈቱ፤ ከመክፈታችሁ በፊት ዕቃው ምን ይል እንደነበር፣ ምን እንደለካችሁ፣ ምን እንደቀየራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጻፉ። ያልተሳካውንም ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቅ።

ሀዋሳ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርኳ ሌላ ሰው የነደፈውን ልብስ መስፋት ተምራለች፤ ሥራ ነውና አንንቀውም። ነገር ግን ሌላው ነድፎ እኛ ሰፍተን፣ ሌላው ሠርቶ እኛ ተጫውተን፣ ሲበላሽም ጥለን የምንኖረው እስከ መቼ ነው? የሚነድፍ እጅ ከመንደፉ በፊት የሚፈታ እጅ ነበር። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ብሎን በትኖ የተቀመጠ ልጅ ስታዩ፣ ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡና «ለካኸው? ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።