መጠባበቂያው የባለቤቱ ነው

ዲስክ ይሞታል። ሲዲ 1.2 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ ሌዘሩ የሚያነበው ግን ከስሙና ከሥዕሉ ሥር የተነጠፈውን፣ ከፀጉር የሳሳ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ነው። ዲስኩን ወደ መስኮት አንሥታችሁ እዩት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካሳለፈ፣ ከዚያ ቦታ የሚነበብ ነገር የለም። የጠፋው ከበዛ የሚመልሰው አስቀድሞ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር በገንዘቡ የገዛ ሰው መጠባበቂያ የማስቀረት መብት አለው ብለን እናምናለን፤ ይህንንም መብት ከማንም አይለምንም።

አሮጌው የቅጂ መከልከያ ሥርዓት ገዢውን እንደ ሌባ ቆጥሮ ተነሣ፤ በዚያው ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሎተስ 1-2-3 የተባለውን የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም የቀድሞ እትሞች የገዛ ሰው ፕሮግራሙን በከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩን ዋናውን ፍሎፒ ማጉረስ ነበረበት። ሁልጊዜ የሚፈተነው ዋናው ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚያልቀውም ዋናው ነበር። ከዚያ ሴፍዲስክ የተባለው የጌም ሲዲ መቆለፊያ መጣ፤ ሆን ተብለው የተበላሹ ክፍሎችን ሲዲው ላይ እያሰፈረ፣ ጌሙ ሲነሣ በዊንዶውስ ውስጥ በሚቀመጥ ድራይቨር ያስፈትሽ ጀመር። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ያ ድራይቨር ቀረ። አንድ ጭረት የሌለባቸው፣ ከነሣጥናቸው በክብር የተቀመጡ ዲስኮች አንነሣም አሉ። መቆለፊያው የተሰበረበት ቅጂ ሠራ፤ ሐቀኛው ገዢ ደጅ ቀረ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ሕግ የሰጠውን መብት መቆለፊያ ሊነጥቅ አይገባም። የአሜሪካ ሕግ በ1980፣ የአውሮፓ መመሪያ በ1991 የመጠባበቂያ ቅጂን ፈቅደዋል። በ1988 በቮልትና በክዌይድ ኩባንያዎች ክርክር የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ መብት አጸና። በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ግን መቆለፊያ የሚከፍት መሣሪያ ማቅረብን ከለከለ፤ መብቱን ትቶ መንገዱን ዘጋ። መንገድ የሌለው መብት መብት ነው ብለን አንቀበልም።

መገልበጥ መጠበቅ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ለዓለም የተረፈው በግዕዝ ነው፤ የተረፈውም አንድ ብራና ዘላለም ስለኖረ ሳይሆን፣ ብራናው ሳያልቅ ሌላ ጸሐፊ ቀለም በጥብጦ ስለተቀመጠ ነው። ፕሮግራምም ጽሑፍ ነው፤ የሰው ልጅ ድካምና ጥበብ ያረፈበት። ከዚህ ድካም እንጀራውን የሚበላውን ሠሪ እናከብራለን። የሰውን ሥራ አባዝቶ የሚቸረችር ከእኛ ወገን አይደለም።

በምንሠራው ዘመን መቆለፊያ ሁሉ የሚከፈትበት ቀን አብሮት ይጻፋል። ኩባንያ ሲዘጋ ቁልፉ አብሮት አይቀበርም፤ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአደራ ይቀመጣል። ሠሪው ድጋፉን ባቆመ ቀን፣ የገዛው ሰው ያለ ፈቃጅ ይከፍታል። ዲስኩ የተጫረበት ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ አይከፍልም። ልጆቻችን የእኛን ዘመን ፕሮግራሞች በወሬ አይሰሙም፤ ከፍተው ይሠሩባቸዋል።

ሕጉ እስኪሻሻል ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም፤ መቆለፊያ ከሌለባቸው ዲስኮቻችን እንጀምራለን። ዛሬ ማታ መሳቢያችንን እንከፍታለን። እያንዳንዱን ዲስክ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እንጠርጋለን፤ በኮምፒውተር አስነብበን እንገለብጣለን፤ ቅጂው ላይ ቀኑን እንጽፋለን። አንዱ ቅጂ ከቤት ይቀራል፤ ሌላው ዘመድ ቤት ያድራል።