ክቡ አዳራሽ ከሰቆጣ ሲታይ

ታዛቢው፣ ከሰቆጣ

ዋግ ገንዘቡን ዝናብ እንዳያሟሟበት ይሠጋ የነበረ አገር ነው። ከአፋር ረባዳ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ገበያ ላይ እየተመነዘረ ወደ ላስታና ወደዚያ ማዶ ይሻገር ነበር፤ በየቤቱ ደግሞ ከምድጃው በላይ ጭስ እየጠጣ ይከርማል። የአሞሌ ዘመን ሲያልፍ ባዶውን የቀረ ሕንፃ አልነበረም። ባንክ ግን ሲሄድ ቤት ጥሎ ነው የሚሄደው።

ይህን ያስታወሰኝ አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራው በፈረንሳዊው አርክቴክት በአንሪ ሾሜት ንድፍ ሲሆን፣ ቴአትር ቤቱም መልኩን ያገኘው በዚሁ ሰው እጅ ነው። የካቲት 2014 ዓ.ም. ባለ 209 ሜትሩ ማማ ሲመረቅ ዋና መሥሪያ ቤትነቱ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ዛሬ ክቡ ከማማው ሥር ሲታይ የተከደነ ሞሰብ ይመስላል። እኔ እንደሆን ሞሰቡን እመርጣለሁ።

የባንክ ቤት ለሌላ ሥራ አልታዘዝ ይላል። የካዝናው ክፍል መስኮት የለው፤ ግድግዳውን ማፍረስ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። አዳራሹ ሰፊና ከፍ ያለ በመሆኑ ባለንብረት ሲያየው የሚታየው መሐሉ ላይ የሚሸነሸን ሱቅ ነው። ኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተ የመስታወት ባንክ ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ የካዝናውን በር በመስታወቱ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ባንኩ ሲወጣ ሃሪ በርቶያ የሠራውን ትልቅ የብረት ግርዶሽ ነቅሎ ወሰደ። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ግርዶሹ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ልብስ መሸጫ ውስጥ ነው። ግማሽ ድል እንበለው።

እኛም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። ፒያሳ በ2016 ስትፈርስ እንዳየነው ግን አዋጅ መኖሩ ብቻውን ቤት አያቆምም። ለዚህ ነው ስለ ሾሜት ሥራ አሁን፣ ግድግዳው ደህና ሳለ መነጋገር ያለብን።

ሰቆጣ ተቀምጦ ስለ አዲስ አበባ ሕንፃ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። እኛ ዘንድ፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ከተማ፣ ብዙው የባንክ ቅርንጫፍ የሰው ፎቅ ሥር የተከራየ ነው፤ ሲለቅ ታርጋው ይነቀልና ቡቲክ ይገባበታል። በሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ በተያዘችባቸው ወራት የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ በስልክ መተግበሪያ መክፈል የለመደ ሁሉ ስልኩን ይዞ ቀረ። እንዲህ ያየ ሰው የባንክን ደጃፍ አይንቅም። ቴሌብር መጥቷልና አዳራሽ አያስፈልግም የሚለው ወሬ የሚጥመው ኔትወርክ ላልተቋረጠበት ነው።

ስለዚህ ክቡ አዳራሽ አይሸንሸን፤ ወለሉ አንድ ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ጥቂት መስኮቶች ሥራቸውን ይቀጥሉ፣ የቀረው ንባብ ቤት ይሁን። ካዝናው የገንዘብ ሙዚየም ቢሆን መስኮት አለመኖሩ ጥቅም ነው፤ ማርትሬዛው፣ የምኒልክ ብርና አሞሌው ጎን ለጎን ይቀመጡበታል። አሞሌውን ከዋግ የሚልክ አይጠፋም፤ ጭስ የጠጣውን።