የደረቀው ኮምፒዩተር ሳይመረመር አይፈረድበት



በዚህ መጽሔት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወጣትነት ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን የማመለክተው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ክፍላችን ስላሉት፣ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ስለ ተጫነባቸው 8 አሮጌ ኮምፒዩተሮች ነው። ዘንድሮ «አይረቡም» ተብለው እንዲወገዱ ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ደግሞ ሳይመረመሩ ተፈርዶባቸዋል እላለሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ በኅዳር ወር የደረሰው ነገር ነው። አንዲት የክፍላችን ልጅ የታሪክ ጽሑፏን ልትጨርስ ስትል ኮምፒዩተሩ ደርቆ ቀረ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ አንዱም «በነጻ ከተገኘ ነገር ምን ይጠበቃል!» ብሎ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ያዘው። ኮምፒዩተሩ ጠፋ፤ ጽሑፉም አብሮ ጠፋ። ልጅቱ ያን ዕለት ምሳዋን አልበላችም።

ለመሆኑ በነጻ የተገኘ ሁሉ የማይረባ ነውን? ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የጀመረው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ፈጣኖች ተብለው በተመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ይሠራል።

በመምህራችን ፈቃድ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየቀረሁ እነዚህን ኮምፒዩተሮች መመልከት ጀመርሁ። የልጅቱ ኮምፒዩተር ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። «ፍሪ» የተባለውን ትእዛዝ ስጽፍበት፣ በብራውዘሩ የተከፈቱት ከሃያ የሚበልጡ ገጾች ራሙን ጨርሰውት አገኘሁ። ራም ሲሞላ ሥርዓቱ ከያዘው ከፊሉን ስዋፕ ወደሚባለው የዲስክ ክፍል ያሸጋግራል፤ የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው። እንግዲህ ሞተ ያልነው ኮምፒዩተር ከራም ወደ ዲስክ፣ ከዲስክ ወደ ራም ሸክም ሲያመላልስ ላብ ያጠመቀው ነበር እንጂ አልሞተም። የዲስኩን መብራት ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን በጠረጠረ ነበር።

የሁለተኛው ማራገቢያ በአቧራ ተደፍኖ ነበርና ፕሮሰሰሩ እንዳይግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር፤ ብሩሽ በቃው። የሦስተኛውን መዝገብ ጆርናልሲቲኤል በተባለው ትእዛዝ ስከፍት የዲስክ ስሕተት ተደጋግሞ ተጽፏል። እንዲህ ሲሆን ከሁሉ አስቀድሞ ጽሑፎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው።

አራተኛው አሳፈረኝ። ማውዙ ይንቀሳቀሳል፤ መስኮቶቹ ግን አይታዘዙም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሙን ስወቅስ ቆየሁ። በመጨረሻ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ስጫን ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ተከፈተልኝ፤ ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው፣ ችግሩ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ነበር። እኔም ሳልመረምር ፈርጄ ኖሯል።

አንዳንዶች «ተማሪ ሊማር እንጂ ማሽን ሊጠግን አልመጣም» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ፈተና ሲደርስ ማንም መዝገብ ሊያነብ አይቀመጥም። ነገር ግን አልትንና ፕሪንት ስክሪንን ይዞ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የተባሉትን ፊደሎች ጥቂት ሰከንድ እያቆዩ በየተራ መጫን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያው ወደ ዲስክ ለመጻፍ ተራ የሚጠብቀውን ያስጽፋል፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ እንዳይጻፍበት ያግዳል፤ ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሣል። ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍን ግን ይህም አያድነውም፤ ይህንም ለዚያች ልጅ ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ።

ከመረመርኋቸው አራቱ ሦስቱ ዛሬ ይሠራሉ፤ አንዱ አዲስ ዲስክ ይጠብቃል። የቀሩትን አራት ገና አልነካኋቸውም፤ እኔም በሰኔ ትምህርት ቤቱን እሰናበታለሁ። ስለዚህ የማስወገዱ ነገር ለጊዜው እንዲቆይ፣ ከ11ኛ ክፍልም ሁለት ተማሪዎች ዓርብ ዓርብ ከእኔ ጋር እንዲቀመጡ እጠይቃለሁ። በየኮምፒዩተሩ አጠገብ የደረቀበት ቀን፣ ተከፍቶ የነበረው ፕሮግራምና የተደረገለት ነገር የሚጻፍበት ደብተር ይንጠልጠል። ብሩሹ በመምህራችን ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው።