ብዙ ድምፅ አግኝቶ መሸነፍ

ሜሪላንድ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ "ቲቸር፣ እዚህ እንደሆነ ከ1992 ጀምሮ ዴሞክራት ነው የሚያሸንፈው፤ የእኔ ድምፅ ምን ሊለውጥ? አልመርጥም" ብሎ ጻፈልኝ። ልቆጣው ነበር፤ ግን ሒሳቡን አልሳተም።

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ብዙ ሕዝብ የመረጠው ሳይሆን ከ538 ወኪል መራጮች 270ውን ያገኘ ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በየግዛቱ ያሸነፈ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በ2.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በልጣ ተሸነፈች። ትራምፕ ሚሺጋንን፣ ዊስኮንሲንንና ፔንሲልቬኒያን ያሸነፈው ተደምሮ 80 ሺህ በማይሞላ ብልጫ ነው። አገር አቀፉ የሕዝብ አስተያየት ጥናት እኮ ያን ያህል አልተሳሳተም! እኛ ነን ወሳኝ ያልሆነውን ቁጥር ስናይ የከረምነው።

"ትንንሽ ግዛቶች እንዳይዋጡ ነው" ይላሉ። ይሁን። ግን ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ ወኪል ለ190 ሺህ ሰው ገደማ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለ730 ሺህ። ይሄን ፍትሐዊ ልለው አልችልም።

ልጄ፣ አንድ ቀን የክፍል አለቃ በረድፍ ያስመረጥኳችሁን ታስታውሳለህ? 32 ድምፅ ያገኘችው ልጅ ሁለት ረድፍ በጥቂት ስለተበለጠች 22 ባገኘው ተሸነፈች። "ቲቸር፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!" ብለህ የጮኽከው አንተ ነበርክ።

አሁንም ጩህ፤ ግን ምረጥ። በዚያው ወረቀት ላይ የኮንግረስ እንደራሴህና የልጆችህ ትምህርት ቦርድ አሉ። እነሱ ጋ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል።