ልጆችን ይዞ በክረምት ወደ ጋይንት



የሰኔ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በአዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ልጆች በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚኖሩትን አያቶቻቸውን የሚያውቁት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። አያቶችም እያረጁ ነው። ዘመድን መጠየቅ፣ ማለትም ሲለቱ ረሒም፣ ሃይማኖታችን አጥብቆ ያዘዘን ጉዳይ ነው። ነገር ግን ልጆች ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት ዝናቡ በሚበረታበት፣ ደጋው በጉም በሚሸፈንበት በክረምት ነው። ታዲያ ሕፃናትን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን መንገድ የሚጀምር ቤተሰብ ምን ማሰብ አለበት? በዚህ ወር ዓምዳችን በዚህ ላይ ለመነጋገር ወደናል።

መቼ እንሂድ?

በደቡብ ጎንደር ደጋ ዝናቡ የሚከፋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ጳጉሜንን ይዞ እስከ መስከረም መጀመሪያ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት መሄድ የግድ ከሆነ የዕረፍቱን የመጨረሻ ሳምንታት መምረጥ ይበጃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ ሌሊቱን ግን ውርጭ ይወርዳል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ያለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ጉዞውን ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቢያቆየው መልካም ነው እንላለን። ውርጭን በብርድ ልብስ መከላከል ይቻላል፤ በጭቃ ተይዞ ማደርን ግን ብርድ ልብስ አይመክተውም።

ከሁሉ በፊት መንገዱን መጠየቅ

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን ብዙ ጊዜ እንዳጉላላ፣ መንገድም በድንገት እንደሚዘጋ የታወቀ ነው። በመሆኑም የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከሻንጣ ሳይሆን ከስልክ ነው። በመድረሻው ላለው ዘመድ፣ በመካከል ከተማ ለሚኖር ወዳጅ፣ በዚያው ሳምንት መንገዱን ለተመላለሰ ሾፌር መደወል ያስፈልጋል። የሦስቱ መልስ ካልተስማማ ጉዞውን ማቆየት ነው። ገንዘብ የቻለ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄዶ የሚቀረውን ብቻ በመኪና መጓዝ ይችላል፤ ይሁንና የሚቀረውም መንገድ በዚያው መልክ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ቀኑ ተቆርጦ፣ አያት ቡና ቆልተው እየጠበቁ መቅረት ይከብዳል። ነገር ግን ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው፣ ሰዎችን አማክረው ከመንገድ መመለሳቸውን እናስታውስ። መመለሳቸው በአላህ ላይ ያላቸውን መመካት አላጎደለባቸውም። ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዝ አባትም መንገዱ ሲያጠራጥረው ቢመለስ ማንም አይወቅሰው።

መንገዱን በቀን መከፋፈል

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ወደ 565 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋቂ ተጣድፎ ሊገሠግሠው ይችላል፤ ልጅ ግን አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛውን ባሕር ዳር አድሮ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ነፋስ መውጫ መነሣት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ ጉዞውን በማለዳ ጀምሮ ቀን ሳለ ማብቃት ነው። ጨለማ ውስጥ መጓዝ ለማንም አይመከርም።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአባይ በረሃ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከደጋው አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሾፌሩ ከላይ ጀምሮ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አለበት፤ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ቢወርድ ፍሬኑ ግሎ እንቢ ሊለው ይችላል። በዚህ ሸለቆ አፈሩ በዝናብ ስለሚንሸራተት በገደል ሥር መኪና አቁሞ ማረፍ አይገባም። በሐምሌ 2016 በጎፋ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን እንደቀጠፈ አንረሳም። ከወረታ አጠገብ ደግሞ የፎገራ ሜዳ አለ። በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ሰው አፈናቅለዋል። ውኃ አስፋልቱን አቋርጦ ሲሄድ ከታየ ሌላው መኪና ስላለፈ ብቻ መግባት ስሕተት ነው።

በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን ያስፈትሽ፤ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ይያዝ። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት መልሶ ዓይን ስለሚያጭበረብር አጭሩን ያብራ። በአውቶቡስ የሚሄድ ደግሞ ለልጁ የራሱን ወንበር ይግዛለት። ጭን ላይ የተቀመጠን ልጅ በግጭት ጊዜ የእናት ክንድ ሊይዘው አይችልም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ሆነው ለሚጓዙ ሰዎች አንዱን መሪ እንዲያደርጉ አዘዋል። በቤተሰብ ጉዞም የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚታደር የሚወስን አንድ ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። የልጆቹን ሁኔታ ከማንም በላይ የምታውቀው እናት ስለሆነች "እንቁም" ስትል ሊሰማላት ይገባል።

ልጆቹ በመንገድ ላይ

በአባይ ጠመዝማዛ ብዙ ልጅ ያስመልሰዋል። ከመውረድ በፊት ከባድና ቅባት ያለው ምግብ አለመስጠት፣ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ሩቅ እንዲያዩ ማድረግ፣ መስኮት በጥቂቱ መክፈት ይረዳል። ፌስታልና ፎጣ ከእጅ አይራቅ። ለስንቅ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የተቀቀለ ድንችና ሙዝ ይበቃል። በየከተማው የሙስሊም ምግብ ቤት እስኪገኝ ሥጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በተለይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር በየደረሱበት አይጠፋም።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ ውኃም አያስፈልገውም፤ መኪናው ቆሞ ይጥባ። ለሌሎቹ የፈላ ወይም በውኃ አጋር የታከመ ውኃ ይያዝ። ተቅማጥ ከያዛቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ነው። ዓይኑ የሰረጎደ፣ የፈዘዘ ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ልብስ በድርብ በድርቡ ይሁን። በአባይ በረሃ ሹራብ የሚያወልቅ ልጅ በጉና ተራራ አጠገብ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ስሟን የሚመስል ብርድ ያላት ከተማ ናት። ከብርድም የሚከፋው እርጥብ ልብስ ነው። አንድ ሙሉ ቅያሪ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእጅ ይኑር። ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ደግሞ ቀለል ያለ ልብስም ይጨምር።

መሰልቸትን ለማጥፋት ታሪክ መንገር ከሁሉ ይሻላል። በባሕር ዳር በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የአባይ ድልድይ ያዩ ልጆች ደብረ ታቦር ሲደርሱ አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ስላሠሩት መድፍ ይሰማሉ። ንጉሡ ያን መድፍ ይዘው በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እየጠረጉ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። ከአምስት ወር በላይ ማለት ነው። የእኛ ሦስት ቀን ያን ጊዜ ያጥርላቸዋል።

ሶላት በጉዞ

አላህ (ሱ.ወ.) ለመንገደኛ አቅልሎለታል። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ሁለት ሁለት ረክዓ ይሰገዳሉ። ሁለት ሶላቶችን አዳብሎ በመስገድና በካልሲ ላይ በማበስ ረገድ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ ከመነሣት በፊት የአካባቢን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው። በውዱእ በተጠለቀ የቆዳ ኹፍ ላይ ግን መንገደኛ ሦስት ቀንና ሌሊት ሊያብስ ይችላል፤ በነፋስ መውጫ ብርድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሶሓቦች ዳገት ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበር ተላልፏል። ልጆች ይህን ከአባይ ወዲህና ወዲያ ቢለማመዱት ሱንናውንም ይማራሉ፣ ፍርሃቱንም ይረሳሉ።

ከደረሱ በኋላ

በደጋው ቤት ዘመድ ለእንግዳ ልጆች አዝኖ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል። ይህ ደግነት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የከሰል እሳት በተዘጋ ቤት ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል፤ የተኛም ሳይነቃ ይቀራል። ከመተኛት በፊት ምድጃው ይውጣ፣ በሩም ገርበብ ብሎ ቤቱ ይናፈስ። አክብረው ላቀረቡልን አያት በለሰለሰ ቃል ማስረዳት እንጂ በይሉኝታ ዝም ማለት አይገባም።

በባሕር ዳርና በወረታ በኩል፣ በቆላውም ሁሉ ወባ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ልጆች በአጎበር ይተኙ። ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳት ከያዛቸው የት ሄደው እንደነበር ለሐኪም ይነገር።

ልጆቻችንን የጎረቤትንም ክብር እናስተምራቸው። ጋይንት የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ያለችበት አገር ነው። የአያታቸው ጎረቤት በሌላ እምነት እያለ በደስታም በሐዘንም አብሮ የኖረ ሰው መሆኑን በዓይናቸው ማየታቸው ከመንገዱ ትርፎች አንዱ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ እንቅልፍንና ምግብን የሚያጓድል አድካሚ ነገር መሆኑን ገልጸው፣ ጉዳዩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤተሰቡ ቶሎ እንዲመለስ መክረዋል። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ከመሄጃው ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤት መግባት ይልመድብን። አላህ መንገዱን ሰላም ያድርግልን፤ አያቶችንም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በጤና ያገናኝልን፤ አሚን። በሚቀጥለው ወር፣ ኢንሻ አላህ፣ እንገናኛለን።