ሻምፖ ይዤ ክፍል የገባሁበት ቀን

ሰሞኑን አንድ ሱፐርቫይዘር ክፍሌን አይተው ሲወጡ «መምህር፣ ኬሚስትሪ ነው የምታስተምረው ወይስ ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው?» አሉኝ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ሻምፖ፣ አንድ ብርጭቆና በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ ነው። የ12ኛ ክፍል የፖሊመር ትምህርት ላይ ነን። ትርጉሙን ጻፍን፣ ፖሊኤቲሊንና ናይሎንን ዘረዘርን፣ ልናልፍ ስንል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሻምፖ የሚያጥብ ከሆነ የሚያለሰልሰው ነገር ለምን አብሮ ታጥቦ አይሄድም?»

የዋዛ ጥያቄ አይደለም። አብዛኞቻችን «ኮንዲሽነር ስላለው ነው» ብለን እንዘጋዋለን።

አረፋ የሚሠራው ሰርፋክታንት ጅራቱ ቅባት የሚወድ፣ ጭንቅላቱ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ሞለኪውል ነው። ብዙ የሚያለሰልሱ ሻምፖዎች ውስጥ ደግሞ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ረጅም ፖሊመር ይጨመራል። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ «ፖሊኳተርኒየም-10» የሚል ካገኛችሁ እሱ ነው፤ ከሴሉሎስ የሚሠራ። እንግዲህ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተሳሳቡ ጠርሙሱ ውስጥ ለምን ተያይዘው አይለዩም? ሰርፋክታንቱ እጅግ ስለሚበዛ ፖሊመሩን ከብቦ አሟሙቶ ይይዘዋል። ውሃ ሲፈስበት ሰርፋክታንቱ ይቀጥናል፣ ሁለቱ ተያይዘው ከውሃው ይለያሉ፣ ከዚያም ኔጋቲቭ የሆነው ፀጉር ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ሆነው ይቀመጣሉ። ሽፋኑን የሚያመጣው ያው እናጥበዋለን ያልነው ውሃ ነው! (አረፋ ስለበዛ ፀጉር ይለሰልሳል የምትሉ እዚህ ጋ ቆም በሉ።)

ደግሞ መሳሳቡ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሲያያዙ አጅበዋቸው የነበሩት ትናንሽ አዮኖች፣ ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ነፃ ወጥተው ውሃው ውስጥ ይበተናሉ፤ ኢንትሮፒ ይጨምራል። እኔ ዲፕሎማዬን ስይዝ ኢንትሮፒ ማለት ቀመር ነበር፣ ሌላ ምንም።

ጥርት ያለውን ሻምፖ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ አድርገን ውሃ ቀስ እያልን ጨመርንበት። ደፈረሰ። በሁለት ጥርት ያሉ ፈሳሾች! ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ተነስቶ መጣ።

ሱፐርቫይዘሩ የገቡት ይሄኔ ነው። «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይመጣም። ግን በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ እያሸመደድን ስንከርም ያገኘነው እንግዲህ ይሄን ነው።

ላብራቶሪ አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ያስፈልጋል፣ ሲጠየቅም ኖሯል። ግን እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አግነስ ፖክልስ የምትባል ጀርመናዊት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጠችም። ቤት ውስጥ ወላጆቿን እያስታመመች በቆርቆሮ ገንዳ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ የቅባት ሽፋንን ትለካ ነበር። ያገኘችውን ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ በደብዳቤ ጻፈች፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1891 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዲታተም አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1932 ኖቤል የተሸለመው ላንግሙር የተጠቀመው ገንዳ የእሷን ዓይነት ነው፣ አሻሽሎት። እኛ ደግሞ ሳፋ አላጣንም።

ለማንኛውም ሐሙስ እንቀጥላለን። ልጆቹ ፖሊኳተርኒየም ያለውንና የሌለውን ሻምፖ በውሃ እየቀጠኑ ሊያወዳድሩ ነው። ወላጆች፣ ቤታችሁ ትንሽ የቀረበት የሻምፖ ጠርሙስ ካለ የጀርባውን ጽሑፍ ሳትልጡ በልጆቻችሁ ላኩልን። ጥርት ያለ ቢሆን ይመረጣል፣ ነጩ ገና ከመጀመሪያው ደፍርሶ ነው የሚመጣው።