ሲስተር ለምን ትለቃለች?

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ዲዩቲ አድራ እኛ ቤት መጣችና ቡናው ሳይፈላ ስልኳን አቀበለችኝ፦ «ሲቪዬን አስተካክልልኝ።» ስልኩ በፕሮሜትሪክ ፈተና ጥያቄዎች ተሞልቷል። ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ኳታር ለመሄድ የምታስብ ነርስ የምታውቁ ከሆነ፣ ይሄ ፈተና ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም።

እኔም የኢኮኖሚክስ ነገር ሆኖብኝ ወዲያው ወደ ደመወዝ ሮጥኩ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ ለሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። «ተጨምሮልሽ የለ እንዴ?» ስላት ሳቀች። እውነቷን ነው። ጭማሪው በጀመረበት ጊዜ የባንክ ዶላር ከ140 ብር በላይ ስለነበር 11,500 ብር 80 ዶላር ገደማ ነበር። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱም ትልቁ ጥያቄያቸው ክፍያ ነበር።

ታዲያ ስድስት ዓመት ምን አቆያት? ያኔ ደመወዙ በብር ሲቆጠር ከዚህም ያነሰ ነበር እኮ።

መልሷ አንዲት የዋርድ ኃላፊ ሆነች። የወሩን የተረኛ ፕሮግራም ቀድማ የምትለጥፍ፣ ልጅ የታመመባትን የምታቀያይር፣ አስታማሚ ሲጮህባቸው መሃል የምትገባ ሴት። ኃላፊዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። አሁን የነገ ተረኛ ማን እንደሆነ ማታ በቴሌግራም ነው የሚነገራቸው። የዲዩቲ ክፍያው መቼ እንደሚገባ አይታወቅም። ጓንት ሲያልቅ ደግሞ አስታማሚውን «ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» የምትለው እሷው ናት። «ይሰድቡኛል፤ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም እሳደባለሁ» አለችኝ።

አንድ ነርስ ስትለቅ ሕመምተኞቿ ለቀሩት ይከፋፈላሉ። ጭነቱ ሲበዛ ቀጣይዋም ሲቪ ታዘጋጃለች። አዲስ ቢቀጠር እንኳ፣ የሕፃን ደም ሥር በአንድ ሙከራ የሚያገኝ እጅ ከደብዳቤ ጋር አብሮ አይመጣም። ዓመታት ይፈልጋል፤ ጎን ሆኖ የሚያሳይ ነባር ሰውም ይፈልጋል።

አንዳንድ አለቆች መፍትሔው መልቀቂያ መከልከል ይመስላቸዋል። በግድ ያስቀመጧት ነርስ እኮ አካሏ ዋርድ ውስጥ ነው እንጂ ልቧ ኤጀንሲው በር ላይ ነው።

መንግሥት ሳዑዲ የምትከፍለውን ይክፈል አልልም፤ ከየት አምጥቶ? የጓንቱም ነገር በጀት ይፈልጋል፣ እሺ። ፕሮግራም ቀድሞ ለመለጠፍ ግን ስንት ዶላር ያስፈልጋል? የዲዩቲ ክፍያን ቀን ቆርጦ በዚያው ቀን ለማስገባትስ? የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ከዚህ ይጀምሩ። መልቀቂያ ላይ ከመፈረማቸው በፊትም «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። የአክስቴን ልጅ እስካሁን የጠየቃት የለም።

ሲቪውን አስተካክዬ ልኬላታለሁ። እንዳትሄድ ልለምናት ፈልጌ ነበር፣ ግን በምን አፌ? ስትወጣ እሑድ ለምሳ እንድትመጣ እናቴ ጠየቀቻት። ተረኛ ትሁን አትሁን ገና አልተነገራትም።